ስድስት ሳምንት ቀድሞ የሚዘጋ በር

ብዙዎቻችን ባደግንበት ሳሎን ግድግዳ ላይ የጌታ እራት ተሰቅሎ ነበር። ጠርዙ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ያለው የግድግዳ ምንጣፍ፣ ወይም በመስታወት የተሸፈነ የወረቀት ሥዕል። ክርስቶስ መሃል ላይ፣ ሐዋርያቱ ሦስት ሦስት እየሆኑ በቀኝና በግራ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሁዳ የትኛው እንደሆነ የምናሳየው እኛ ልጆቹ ነበርን፤ ከረጢት የጨበጠው።

የዚያ ሥዕል ዋናው ያለው ሚላኖ ውስጥ፣ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራፂዬ በተባለው ገዳም የቀድሞ መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ1495 እስከ 1498 ባለው ጊዜ የሣለው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሚላኖ ገብቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ "እስቲ ዛሬ ያን ሥዕል አይቼ ልምጣ" ብሎ የተነሳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከበር ይመለሳል። የሚገባው ቀድሞ ቦታ ያስያዘ ነው። እሱም ቢሆን የሚሰጠው 15 ደቂቃ ነው። ደቂቃው ሲሞላ የእሱ ቡድን ይወጣል፣ ሌላው ይገባል።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ "ገንዘብ መሰብሰቢያ ዘዴ ነው" ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን የግድግዳ ሥዕል የሚሣለው ልስኑ ሳይደርቅ ነበር፤ ቀለሙ ከልስኑ ጋር አብሮ ይደርቅና የግድግዳው አካል ይሆናል። ሊዮናርዶ ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ የሣለውን ተመልሶ የሚነካካ ሰው ስለነበረ በደረቅ ግድግዳ ላይ ሣለው። ቀለሙም ገና እሱ በሕይወት ሳለ መላቀቅ ጀመረ። በ1978 ተጀምሮ በ1999 ያበቃው እድሳት ከ20 ዓመት በላይ ወስዷል። ዛሬ ጎብኚው አቧራና እርጥበት ይዞ እንዳይገባ በተራ በተራ በሚከፈቱ በሮች እያለፈ ነው አዳራሹ የሚደርሰው። እዚያ የሚቆጠረው ሰው ብቻ አይደለም፣ ትንፋሹም ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እንምጣ። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ "ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ" የምትባል ወጣት ሴት ሥዕል አለ። የዚያው የሊዮናርዶ ሥራ ነው፤ በመላው የአሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የሚታየው የእሱ ሥዕልም ይኸው አንዱ ብቻ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ቦታ ማስያዝ የለም። ከተማው ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን በሁለት ተሳፋሪዎች መካከል ገብቶ አይቷት ሊወጣ ይችላል፤ የመኪና ማቆሚያ ካገኘ።

ሠዓሊው አንድ ነው፣ በሮቹ ለየቅል። ስለ ቅድመ ትኬት የማምንበት ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። አንድ ቦታ ቀድሞ ይያዝ አይያዝ የሚወስነው የስሙ ትልቅነት አይደለም፤ በሩ በሰዓት ስንት ሰው ማስገባት ይችላል፣ በዕለቱ በር ላይ የሚሸጥ ትኬትስ አለ ወይ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ጉዞ ስናቅድ ግን ብዙዎቻችን የምናደርገው የታዋቂ ቦታዎችን ስም ደርድሮ ከላይ ጀምሮ መግዛት ነው። ውጤቱም ለማያስፈልገው ቦታ ቀድሞ መክፈል፣ የሚያስፈልገውን ደግሞ ደርሶ ማጣት ይሆናል።

ጠባብ በሮች

አምስተርዳም የሚገኘውን፣ ከናዚዎች ተደብቃ የቀን ማስታወሻዋን የጻፈችውን የአይሁዳዊቷን ልጅ የአን ፍራንክን ቤት እንውሰድ። ቤቱ ፕሪንሰንግራኽት በተባለው ቦይ ዳር፣ ቁጥር 263 ነው። ከመጻሕፍት መደርደሪያ ኋላ በተደበቀ በር አልፎ ስምንት አይሁዳውያን ከ1942 እስከ 1944 የተሸሸጉበት ክፍል ይገኛል። ደረጃው ቀጥ ያለ፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። ይህን ቤት ማስፋት ማለት ማጥፋት ነው። ስለዚህ ትኬቱ በድረ ገጹ ብቻ ይሸጣል፣ በር ላይ መስኮት የለም። ሽያጩ የሚከፈተው በየሳምንቱ ማክሰኞ በአምስተርዳም ሰዓት 10:00 ላይ ሲሆን የሚሸጠውም ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ሳምንት ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ በእነሱ በጋ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 6 ሰዓት ላይ ይውላል። አምስተርዳም ደርሶ ማሰብ የጀመረ ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው የሚሆንበት።

ሮም ያለው የቦርጌዜ ጋለሪ ጎብኚውን በሁለት ሁለት ሰዓት ፈረቃ ነው የሚያስገባው፤ ያለ ቅድሚያ ምዝገባ የሚገባ የለም። ስፔን ግራናዳ ያለው የአልሃምብራ ቅጥር ሰፊ ነው፣ መናፈሻው ቀን ሙሉ ያንሸራሽራል። ልቡ የሆነው የናስሪድ ቤተ መንግሥት ግን ትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ብቻ ይገባበታል፤ ሰዓቱ ያለፈበት ሰው መናፈሻውን ዞሮ ይመለሳል። ኒው ዮርክ የነፃነት ሐውልት ደሴት ላይ መድረስ አስቸጋሪ አይደለም። ዘውዱ ውስጥ መውጣት ግን ጠባብ ጥምዝምዝ ደረጃ ስለሆነ ወራት ቀድሞ ያልያዘ አያገኘውም።

ሰፊዎቹን በሮች ደግሞ እንይ። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ነፃ ነው፤ ሰዓት ቢያስይዙ ወረፋ ይቀንሳል፣ ባያስይዙም ተራ ቀን ከሆነ ይገባሉ። ከመቅደላ የተወሰዱትን ታቦታት አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሐበሻ ካለ ግን ይህን ይወቅ፦ ታቦታቱ ለእይታ አይቀርቡም፣ ተከድነው ተዘግቶባቸው ነው ያሉት። ለዚያ በር ትኬት አልታተመም።

የፓሪሱ ሉቭር በሁለቱ መካከል ነው። ሕንፃው ሰፊ ነው፣ ግን በ2024 ብቻ 8.7 ሚሊዮን ሰው ገብቶበታል፤ በቀን የሚገባውም ሰው 30,000 ላይ ተገድቧል። ወር ቀድሞ መጨነቅ አያሻም፣ ሳምንት ቀድሞ መያዝ ግን ይገባል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ ዋጋው 32 ዩሮ ሆኗል፤ ስለዚህ ሞና ሊዛን በሰው ጭንቅላት መካከል በስልክ ለማንሳት ብቻ የሚሄድ ሰው ሒሳቡን ደግሞ ቢያየው ጥሩ ነው። (እኔ አላዋጣኝም ባይ ነኝ፤ ሌላው ይፍረድ።) እዚያው ፓሪስ በ2019 ተቃጥሎ በዲሴምበር 2024 የተከፈተው የኖትርዳም ካቴድራል ደግሞ ነፃ ነው። በድረ ገጹ ሰዓት ማስያዝ ቢቻልም ግዴታ አይደለም፤ ሰልፉ ረጅም ይመስላል እንጂ ቶሎ ይሄዳል። ለመግቢያው ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመ አጭበርባሪ ነው።

ነፃ ማለት ክፍት ማለት አይደለም

የሚያሳስተው ዝና ብቻ አይደለም፣ ዋጋም ያሳስታል። ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ዘው ተብሎ የሚገባበት ይመስለናል። ዋሽንግተን ከሀገር ቤት የመጡ እንግዶችን ይዞ ለዞረ ሰው ይህ ትልቁ ወጥመድ ነው።

እናት ወይም አክስት መጥተዋል። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ቫን ውስጥ ተጭኖ ሙዚየሞቹ ወደተደረደሩበት ሜዳ፣ ወደ ናሽናል ሞል ይነዳል። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም በር ላይ ሲደርሱ ጠባቂው "ፓስ አላችሁ?" ይላል። በ2016 የተከፈተው ይህ ሙዚየም አይከፈልበትም፣ ነገር ግን ሰዓት የተጻፈበት የነፃ ፓስ ይጠይቃል። ፓሱ ከ30 ቀን በፊት ጀምሮ በድረ ገጹ ይለቀቃል፤ ለዕለቱ የሚሆን ጥቂት ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት በ8:15 (2 ሰዓት ከሩብ) ይወጣል፣ ወዲያውም ያልቃል። ለምን ሰዓት አስፈለገ? የታሪኩ ክፍል ከምድር በታች ነው። ጎብኚው በአሳንሰር ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ይወርድና ከዚያ በእግሩ ወደ ዛሬ እየወጣ ይመጣል፤ ሁሉም ሰው በአንድ አቅጣጫ፣ በጠባብ መተላለፊያ። ቤቱ በራሱ አሠራር ወረፋ ነው።

ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመው ዋሽንግተን ሞኑመንትም እንዲሁ ነው። አናቱ ላይ የሚያወጣው አሳንሰር ስለሆነ ትኬት ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ሲያዝ አንድ ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ በማለዳ መስኮቱ ላይ ለተሰለፈ ደግሞ ያለ ክፍያ ለዕለቱ ይሰጣል። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ግን ምንም አይጠይቅም፤ ሕፃናት የያዘ ሰው ያለ ቀጠሮ የሚተማመንበት እሱን ነው። እንግዳ የሚመጣላችሁ ሁሉ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ የተቆረጠ ቀን ስልካችሁ ላይ ለአንድ ነገር ብቻ ማስታወሻ ሙሉ፦ ለዚያ የ30 ቀን በር።

የባህረ ሰላጤው አገሮች ተመሳሳይ ምሳሌ አላቸው። አቡ ዳቢ ያለው የሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ለጎብኚ ነፃ ነው፣ ግን ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል። ዱባይ የቡርጅ ከሊፋ ሰገነት ደግሞ የሚያልቀው ቦታው ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያለው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያስከፍላል። አመሻሹን ብቻ የሚፈልግ ቀድሞ ይያዝ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሂድ።

ለምን አሁን በዛ?

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አውሮፓ የዞረ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ይገረማል። ያኔ መሰለፍ ነበር እንጂ መመዝገብ ጥቂት ቦታ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ሙዚየሞች ሰውን በሰዓት ከፋፍለው ማስገባት ግድ ሆነባቸው። ወረርሽኙ አለፈ፣ አሠራሩ ቀረ፤ ስለተመቻቸው። ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ለሠራተኛ ምደባም፣ ለጥበቃም፣ ለገቢም ይጠቅማል።

ከዚያ ደግሞ ጎብኚው በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ። አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አይገባም፤ እሱም በሰዓት ተከፋፍሎ። የጣሊያኗ ጥንታዊ ከተማ ፖምፔይ በኖቬምበር 2024 ተመሳሳይ የ20,000 ገደብ አወጣች፣ ትኬቱንም በስም አደረገችው። ቬኒስ ከዚያ አልፋ ለከተማዋ ራሷ መግቢያ አስከፈለች፦ በ2025 በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚ ቀድሞ ለከፈለ 5 ዩሮ፣ በመጨረሻው ሰዓት ለመጣ 10 ዩሮ። ካይሮ ውስጥ ከፒራሚዶቹ አጠገብ በኖቬምበር 2025 የተከፈተው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም የፈርዖኑ የቱታንካሙን ከ5,000 በላይ ዕቃዎች በአንድ ላይ የሚታዩበት ነው። በሩን ከከፈተ በቀናት ውስጥ ሕዝቡ ስለጎረፈበት ከዲሴምበር ጀምሮ ትኬቱን በኢንተርኔት፣ በሰዓት ብቻ አደረገው። ወደ ካይሮ ለሚሄድ ሐበሻ ይህ አዲስ ነገር ነው፤ የቆዩ የጉዞ ምክሮች "በር ላይ ግዙ" ማለታቸውን አልተዉም።

አየር በአየር

ወሰን ባለበት ሁሉ አየር በአየር ንግድ አለ። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሮሙ ኮሎሲየም ጉዳይ በደንብ የተመዘገበ ነው። ተራው ትኬት ከ30 ቀን በፊት በመንግሥት ዋጋ ይለቀቃል፤ ቦት የሚባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በደቂቃዎች ውስጥ ጠራርገው ይገዙታል። ከዚያ ያው ትኬት "ከአስጎብኚ ጋር"፣ "ያለ ወረፋ" ተብሎ በብዙ እጥፍ ዋጋ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ይህን ለመግታት ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ትኬቱ ላይ የጎብኚው ስም እንዲጻፍና በር ላይ ከመታወቂያ ጋር እንዲታይ ተደረገ። የጣሊያን የገበያ ውድድር ባለሥልጣን ደግሞ በ2025 ትኬቱን ለረጅም ዓመታት ሲሸጥ የነበረውን ድርጅትና ስድስት የጉዞ ሻጮችን በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ለሻጩ ድርጅት የቀረበበት ክስ ቦቶቹን ለመከላከል በቂ ነገር አላደረገም፣ ከትኬቱም ብዙውን ከራሱ የጉብኝት ጥቅል ጋር ለመሸጥ አስቀርቷል የሚል ነበር።

ለተጓዡ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ነው። አንዱ፣ በኢንተርኔት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚመጣው ድረ ገጽ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ከፍሎ የወጣ ሻጭ ነው፤ የሙዚየሙ የራሱ ድረ ገጽ ከሥር ሊሆን ይችላል። ወርዶ መፈለግ ያዋጣል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማይቀበለኝ ነው፦ ተራው ትኬት ካለቀና ቦታው የጉዞው ዋና ምክንያት ከሆነ፣ ሕጋዊ አስጎብኚ ያለበትን ውዱን ትኬት መግዛት ነውር አይደለም። ቢያንስ የሚያስረዳ ሰው ይገኝበታል። "ያለ ወረፋ" የሚለው ቃል ግን የትኬቱን መግዣ ወረፋ እንጂ የደኅንነት ፍተሻውን አያስቀርም። ኮሎሲየም በር ላይ ያለው ፍተሻ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚመስለው።

የእኛ ሒሳብ ትንሽ ይለያል

እስካሁን የተባለው ለማንም ተጓዥ ይሠራል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለ፤ የውጭ የጉዞ መመሪያዎች የማይነኩት።

መጀመሪያ ቪዛ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን አመልካቾች መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። የአን ፍራንክ ቤት ትኬት የሚለቀቀው ስድስት ሳምንት ቀድሞ ነው አልን፤ ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ቪዛውን ለመጠበቅ የተቀመጠ ሰው፣ ቪዛው እጁ ሲገባ በሩ ቀድሞ ተዘግቷል። መውጫው ማመልከቻውን ማስቀደም ነው፤ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ያ ካልሆነ ግን እኔ የምመክረው በዋጋ መለየትን ነው። ከ20 ዩሮ በታች የሆነውን፣ በኋላ የማይገኘውን ትኬት ቪዛው ሳይመጣ መግዛት፤ ቪዛው ከቀረ የሚቃጠለው የሁለት ምሳ ዋጋ ነው። የመቶ ዩሮውን የጉብኝት ጥቅል ግን ፓስፖርቱ ተመልሶ ሳይመጣ አለመንካት።

ቀጥሎ ስም። ትኬት በስም በሆነበት ቦታ የእኛ አጠራር ጣጣ አለው። ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ለየብቻ ነው፤ የልጆቹ "የቤተሰብ ስም" የአባታቸው መጠሪያ ነው። ለአንድ ቤተሰብ አምስት ትኬት የሚገዛ ሰው በራሱ የአባት ስም ሁሉንም ይሞላና በር ላይ አምስት የማይገጣጠሙ ፓስፖርቶች ይዞ ይቆማል። የሚበጀው እያንዳንዱ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን፣ በየሳጥኑ እንዳለ መገልበጥ ነው። ጽጌ የሚለውን ስም ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል ጽጌ የሚባሉ ሁሉ ያውቁታል። በማኅበራዊ ገጽ የምንጠቀምበት አጻጻፍ እዚህ አይሠራም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፣ እሱ ላይ ከዘመዴ ጋር ተምሬበታለሁ። ትኬቱ 10:00 ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣችው ዘመዴ ቁርሷን ረጋ ብላ በላች፣ ፀጉሯን ተሠራች፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው ብላ። እኔም "10 ሰዓት ነው አይደል?" ስትለኝ "አዎ" ብያለሁ፤ ሁለታችንም ትክክል ነበርን፣ በየራሳችን ሰዓት። በሩ ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ዘግይተናል። ከዚያ ወዲህ ለእንግዶቼ ትኬት ስልክላቸው ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለውጬ፣ "ከጠዋቱ" የሚለውን ጨምሬ ነው የምጽፍላቸው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ 05/06 አሜሪካ ውስጥ ሜይ 6 ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ጁን 5።

ክፍያውን አጠር ላድርገው። ሀገር ቤት የተሰጠ የባንክ ካርድ ለውጭ ክፍያ የተከፈተ ካልሆነ ግዢው መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ የተያዘውም ሰዓት ከእጅ ይወጣል። ሽያጩ ከሚከፈትበት ቀን በፊት በትንሽ ነገር መሞከር ጥሩ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ከገዛ ደግሞ ከፋዩ እሱ ቢሆንም ትኬቱ ላይ የሚገባው የተጓዡ ስም ነው።

ሀገር ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጭንቀት ገና ብዙ አልደረሰብንም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ከፍሎ መግባት ነው። ከውጭ ልጆቹን ይዞ "ድንቅነሽን ላሳያችሁ" ብሎ የሚመጣ ወላጅ ግን ለእይታ የሚቀርበው ቅጂው እንደሆነ አስቀድሞ ቢነግራቸው ይሻላል። ዋናው አጥንት ተቆልፎ የሚቀመጥ ነው፤ በ2025 ለሁለት ወር ያህል ፕራግ ሄዶ ለእይታ ቀርቦ ነበር። አንድነት ፓርክ ለመግባት መታወቂያ መያዝ አይርሱ፤ ቤተ መንግሥት ነውና ፍተሻው ጠንካራ ነው።

ላሊበላ ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው የአብያተ ክርስቲያናቱ ትኬት ሳይሆን አልጋው ነው። በገና ሰሞን ቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ቆሞ ቤዛ ኩሉን መስማት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መያዝ ያለበት አውሮፕላኑንና ማደሪያውን ነው። ዓለቱ ራሱ ወረፋ አይጠይቅም።

ስንት ይበቃል?

ሁሉንም ቀድሞ የያዘ ሰው ጉዞውን ወደ ሥራ ፈረቃ ለውጦታል። ጠዋት በ9:00 አንዱ፣ በ12:30 ሌላው፣ በ16:00 ሦስተኛው፤ በመካከሉ ታክሲ፣ ሩጫ፣ የልጅ ለቅሶ። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይፈርሳል። እኔ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ሰዓት ያለው ትኬት አልይዝም። የገባሁበት ቀን ምንም አልይዝም፤ አውሮፕላን ይዘገያል፣ ሻንጣ ይዞ የሚገባበት ሙዚየምም የለም። የምይዘውን ሳስብ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ተዘግቶ ባገኘው ቤቴ ተመልሼ ይቆጨኛል ወይ? ለአንድ ሳምንት ጉዞ "አዎ" የሚባልላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው።

ከመክፈል በፊት የቦታዎቹን የመዝጊያ ቀን ማየት ያስፈልጋል፣ የከተማውን ዕቅድ በሙሉ የሚያስተካክለው እሱ ነውና። ሉቭር ማክሰኞ ይዘጋል። የሚላኖው ሥዕል፣ ቦርጌዜ፣ የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሙዚየምና የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሰኞ ዝግ ናቸው። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ አይከፈቱም፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታሉ፣ ያን ቀን ደግሞ ሰልፉ ቅጥሩን ይዞራል።

ትኬት ቢያዝም ዋስትና አይደለም። ሉቭር በኦክቶበር 2025 የዘውድ ጌጣጌጥ ሲዘረፍበት ለቀናት ተዘግቶ ነበር፤ በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት በጀት ተቋርጦ የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች (የዋሽንግተኖቹ የአፍሪካ አሜሪካውያንና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ያሉበት ተቋም) በራቸውን ዘጉ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው ያልተያዘ ሰዓት ያለው ሰው የሚጠቀመው።

ሮም ላይ እንዲህ ያለ ሰዓት ካገኛችሁ፣ ከኮሎሲየም ተነስታችሁ ወደ ቺርኮ ማሲሞ አቅጣጫ ሩብ ሰዓት ያህል ተራመዱ። ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ፤ ከጎኑ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፣ ሲጀመር ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ታስቦ የታነፀ ነበር። ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው ከፊት ለፊቱ ነው። በ2005 በሦስት ተቆራርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሀገሩ ገባ፤ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ተመረቀ። አሁን ቦታው ላይ መኪናዎች ይዞራሉ። ትኬት የለውም፣ ሰዓት የለውም፤ የሚሰለፍበትም ሰው የለም።